ያገለገለ መኪና «ሂት» ሲያደርግ፦ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት

ቪትዟን በደላላ ከገዛሁ በሦስተኛው ወር፣ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው የማታ ሰልፍ መሃል ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሳ። በማግስቱ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው መጉደሉን አየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጓርኒሲዮን በልታለች፤ ቴስታታ ይወረዳል» አለኝ፤ የሞተሩ ራስ ተነስቶ ከሥሩ ያለው ማኅተም ይቀየራል ማለቱ ነው። ወረደ። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ቴስታታው ማሽን ቤት ሄዶ ተላገ፣ እኔም የሁለት ወር ደመወዜን ቆጥሬ ሰጠሁ። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ያው እንፋሎት ተመለሰ።

ሁለተኛው መካኒክ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በላዳ ዘመን እጃቸውን ያፍታቱ ሰው ነበሩ። ኮፈን ሳይከፍቱ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ የምታሞቅብህ ስትቆም ነው ስትሄድ?»

«ስቆም ነው ጋሼ። ሰልፍ ላይ።»

«ካጠፋሃት በኋላስ?»

«ትንፈቀፈቃለች። ውሃው በመጠባበቂያዋ ፕላስቲክ በኩል ገንፍሎ ይወጣል።»

ክዳኑን ነቅለው ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ። የታችኛው ጎማ እንደ ድርቆሽ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ልጅ ልከው አዲስ ክዳን አስመጡ፣ ራዲያተሩን ሞሉ፣ ኮፈኑን ሞተሩ እየሠራ ግማሽ ሰዓት ክፍት ትተው ፋኑ ሲነሳና ሲቆም ቆጠሩ። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ሰው መኪና ታሪክ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው የእኔን ይመስላል። ሂት ማድረግ፣ ማለትም ሞተር ከልክ በላይ መሞቁ፣ እንደ ትኩሳት ነው። ያተኮሰው ሁሉ የወባ መድኃኒት እንደማይሰጠው፣ ውሃ የጨረሰች መኪና ሁሉ ቴስታታዋ አይወርድም። ነገሩ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ያሳስባል፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፣ መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች በየዓመቱ አንድ ዓመት እያረጁ ነው የሚሄዱት። ያረጀ መኪና ላይ ደግሞ ቀድመው ከሚደክሙት አንዱ ማቀዝቀዣው ነው።

ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው

ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል። እሱ ለጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ስለሆነች ከላይ የሚጫናት አየር ቀላል ነው፤ ስለዚህ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እንጦጦ አናት ላይ ከዚያም ይወርዳል። ከቆላ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ አተር ክክ ሲቀቅል «ምን ሆኖ ነው የማይበስለው?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይደርስም። መፍትሔው ፕሬሸር ኩከር ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ሲፈጥር የመፍያው ዲግሪ ከፍ ይላል።

የራዲያተር ክዳን የሚሠራው ልክ ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው መክደኛ ብቻ ይመስለዋል። ውስጡ ስፕሪንግ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ ላዩ ላይ የተጻፈው 0.9 ወይም 1.1 የሚለው ቁጥር ምን ያህል ግፊት አፍኖ እንደሚይዝ ይናገራል። ደህና የሆነ የ1.1 ክዳን አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 117 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል።

አሁን ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ የኤሌክትሪክ ፋኑ የሚነሳው የሞተሩ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ክዳኑ የሞተ መኪና ውስጥ ግን ውሃው አዲስ አበባ ላይ በ92 ይፈላል። ፋኑ ገና «ልነሳ» ሳይል ውሃው ፈልቶ እየወጣ ነው ማለት ነው! የሙቀት መርፌው መሃል ላይ ቆሞ ሳለ እንፋሎት የምታዩት ለዚህ ነው። ይህቺው መኪና ይህንኑ ክዳን ይዛ ከመርከብ የወረደች ዕለት፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ የአየሩ ሙቀት እንዳለ ሆኖ፣ ፋኑ ውሃው ሳይፈላ ሊደርስላት ይችል ነበር። ችግሩ የወጣው ደጋ ስትወጣ ነው።

ክዳን ሲሞት ሦስት ምልክት ይሰጣል። ሞተር ከጠፋ በኋላ መጠባበቂያዋ ፕላስቲክ ውስጥ የመንፈቅፈቅ ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው ራዲያተሩ ጎድሎ ፕላስቲኳ ግን እስከ አፏ መሙላቷ ነው፤ ክዳኑ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መልሶ መሳብ አቅቶታል። ሦስተኛው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦ፣ ማኒኮት የምንለው፣ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ መገኘቱ ነው። ክዳን ስትቀይሩ በፊት የነበረውን ቁጥር ግዙ። «ጠንካራ ይሁን» ብለው 0.9 በነበረበት ላይ ከፍ ያለ የሚያስገቡ አሉ፤ ያረጀ የራዲያተር ፕላስቲክና ያረጀ ማኒኮት ያንን ግፊት አይችልም፣ ይሰነጠቃል።

ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር ስለሚደባለቀው ፈሳሽ፣ ስለ ኩላንትም አንድ ነገር ልበል፤ በየጋራዡ «ፀረ በረዶ ነው፣ እኛ ጋ በረዶ የለም» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ራዲያተር በረዶ ሆኖ አይሰነጠቅም። ኩላንት ግን መፍያውንም ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የሚጠቅመን ዝገት መከላከሉ ነው። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት አይታችኋል። ያው ቅርፊት ሞተሩ ውስጥ ባሉ ጠባብ መንገዶችና በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ ይበላል። ራዲያተር ስትከፍቱ ውሃው የክረምት ጎርፍ ከመሰለ ያ መኪና ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ኩላንት በግማሽ ውሃ በግማሽ ነው የሚደባለቀው፣ ከተገኘ በተጣራ ውሃ። ቀለሙ ዓይነቱን አይነግራችሁም፤ ቀይ በቀይ ብሎ መጨመር ሳይሆን የመኪናው መመሪያ የሚለውን ዓይነት መግዛት ነው።

የት ነው የምታሞቀው?

የሽማግሌው መካኒክ ጥያቄ ውስጥ ሙሉ ምርመራው አለ። ሞተር ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ በውስጡ ውሃ እንዲዞር፣ በራዲያተሩ ላይ ደግሞ አየር እንዲያልፍ። መኪናው ሲሮጥ አየሩ በነጻ ይመጣል። ሲቆም ፋኑ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ ሰልፍ ላይ ሞቃ ቀለበት መንገድ ላይ ስትለቋት የምትቀዘቅዝ መኪና ከክዳኑ ቀጥሎ የምትጠረጠረው በፋኑ ነው። ኤሲ ካላት አብሩት፤ በአብዛኞቹ ላይ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን እዩ። ቀጥሎ ሪሌው ነው፣ የፋኑን ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋው ትንሽ ማብሪያ፤ ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ ካለ ቦታ አቀያይሮ መሞከር ምንም አያስወጣም። ከዚያ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ በሁለት ሽቦ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት። ከዞረ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ችግሩ ሽቦው ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ጋ ነው። ካልዞረ ፋኑ ራሱ ነው። ይህ ሁሉ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ቢሆንም ብዙ ጋራዥ ይህን ከመፈለግ ፋኑን «ዳይሬክት» ያደርገዋል፤ ቁልፍ ስትከፍቱ ይነሳል፣ እስክትዘጉ አይቆምም። መንገድ ላይ ለአንድ ቀን ሕይወት ያተርፋል፣ እኔም አልቃወመውም። ለዓመት ሲሆን ግን ፋኑን ያቃጥላል፣ ባትሪና ዲናሞ ያደክማል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሌላ ችግር ሲመጣ ሸፍኖ ያቆየዋል። ያገለገለ መኪና ስታዩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ሞተር ሳይነሳ ፋን ከዞረ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋል።

ተቃራኒው ደግሞ ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ረጅም ዳገት ላይ የምታሞቅ መኪና ናት። የጎጃምን መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ያንኑ ወደ ደጀን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣላችሁ። የበረሃው አየር ትኩስ ነው፣ ፍጥነቱ ትንሽ ነው፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። እዚህ ላይ ፋን ብቻውን አያድናችሁም፤ የውሃው ዝውውር ነው የሚፈተነው። ራዲያተሩ ውስጡ በቅርፊት ከተደፈነ ሙቀቱን መጣል አይችልም። ሞተሩ ሞቆ ሳለ በሙቀት መለኪያ ሽጉጥ ፊቱን ብትቃኙት የተደፈነው ቦታ ከጎረቤቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል። አንዳንዴ ድፈናው ከውጭ ነው፦ አቧራ፣ ሣርና ነፍሳት በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሃል እንደ ጭቃ ግድግዳ ይለሰናል። በመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ ከፊት መምታት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል፤ ቀስ ባለ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ነው።

የውሃ ፓምፕም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ባለች ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ የኩላንት መስመር ካያችሁ ማኅተሙ አልቋል። የማይፈስ ፓምፕ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በዝገት ክንፎቹ የተበሉበት ፓምፕ ይዞራል እንጂ ውሃ አይገፋም። ለዚህ የመኪና ውስጥ ማሞቂያውን ክፈቱት። ሞተሩ ግሎ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ወይ ውሃ የለም ወይ ውሃው አይዞርም። እንደ ቪትዝ ባሉት ላይ ደግሞ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ የባትሪው መብራትና የሙቀቱ መብራት ተከታትለው ከበሩ ቺንጋው ተበጥሷል፣ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትጨምሩ።

ሦስተኛዋ ጠዋት ከግቢ ወጥታ አምስት ደቂቃ ሳትሞላ የምትግል ናት። ሞቃ ሳለ የላይኛው ማኒኮት እጅ የሚያቃጥል ሆኖ የታችኛው በረዶ ከሆነ፣ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን በር በሙቀት የሚከፍተው ቴርሞስታት ተዘግቶ ቀርቷል። ነቅላችሁ ድስት ውስጥ በሚፈላ ውሃ መሞከር ትችላላችሁ፤ ላዩ ላይ 82 ተጽፎ ከሆነ ውሃው ሲፈላ መከፈት መጀመር አለበት። ሙሉ በሙሉ አፉን ካልከፈተ ግን አትደንግጡ፤ ብዙዎቹ ሙሉ የሚከፈቱት በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ 95 አይደርስም። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ቴርሞስታት ቆሻሻ ውስጥ እንደተጣለ እንጃ።

ቶሎ የምትሞቅ መኪና አየር ይዛም ሊሆን ይችላል። ራዲያተር ከተፈታ በኋላ ውሃ በችኮላ ከተሞላ አየር ውስጥ ይታፈናል፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ማሞቂያው አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል። መኪናውን አፍንጫው ዳገት ላይ አቁሞ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ክዳኑን ሳይከድኑ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነስቶ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያሉ መሙላት ነው።

«ቴርሞስታት ለእኛ አገር አያስፈልግም»

ይህቺን አባባል የማያውቅ ባለ መኪና የለም። መካኒኩ ቴርሞስታቱን ነቅሎ በእጃችሁ ያስይዛችኋል፤ «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው» ይላችኋል። ቅንነቱን አልጠራጠርም፤ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ሲነቀል ሂቱ ወዲያው ይጠፋልና ልምዱ ትክክል ይመስላል።

ነገር ግን ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ናት፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ስለሚያስብ ቤንዚን እየጨመረ ይሰጣል፣ ዘይቱ በውፍረቱ ይቆያል፣ የፒስተኑ ፋሻና ሲሊንደሩ ይፋተጋሉ። ነዳጅ ጨመረብኝ ብለው ብልጭታ የምትሰጠዋን ካንዴላ ሲቀይሩ የሚከርሙ ሰዎች መኪና ውስጥ ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት የለም። ሁለተኛው ደግሞ ሰው የማይጠብቀው ነው፦ ቴርሞስታት መንቀል አንዳንድ ሞተሮችን ጭራሽ ያሞቃል። በብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን በር ሲከፍት በሌላ ጫፉ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ሲነሳ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም። ደጀን ዳገት ላይ ይታወቃል።

ቴስታታው እውነትም ሲሆን

ቴስታታ የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን በራሱና በገላው መሃል ያለው ማኅተም ነው። (ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን... ጋራዦቻችን ሳያውቁት ጣሊያንኛ ይናገራሉ።) ማኅተሙ ሲበላ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው፣ ውሃው ወደ ዘይቱ ወይም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚበላው በራሱ ሳይሆን ከላይ ካልናቸው ትንንሽ ችግሮች አንዱ ችላ ተብሎ መኪናው ደጋግሞ ስለሞቀ ነው። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ቀይሮ መንስኤውን ያልፈለገ ጋራዥ ከሁለት ወር በኋላ ይመልሳችኋል።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማመን አይገባም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘይቱ ማኪያቶ መምሰሉን ነው። ሆኖም በክረምት፣ ከቤት ቢሮ አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ፣ የዘይት ክዳኑ ስር ነጭ ቅባት መሰል ነገር በእርጥበት ብቻ ይፈጠራል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡት፤ ዘይቱ ራሱ ንጹሕ ከሆነ ክዳኑ ላይ ያለው እርጥበት ነው። ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ እንፋሎትም እንዲሁ፤ አሥር ደቂቃ ሄዳችሁ ከጠፋ ጤና ነው። ሞተሩ ሞቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቋረጠና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ኩላንት እየተቃጠለ ነው።

የበለጠ የማምነው የጠዋቱን ሙከራ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ አስነሱት። ውሃው ገና ሳይሞቅ ያለማቋረጥ አረፋ ከደፈቀ፣ ነዳጅ ስትሰጡት አብሮ ከጨመረ፣ ያ የሲሊንደር ጋዝ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁ ብታስነሱትና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮት እንደ ድንጋይ ቢጠጥርም ያው ነው፤ ውሃው ሳይሞቅ ግፊት ከየት ይመጣል? ይህን በኬሚካል ማረጋገጥም ይቻላል፦ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ብልቃጥ በራዲያተሩ አፍ ላይ ትቀመጣለች፣ የተቃጠለ ጋዝ ካገኘች ቢጫ ትሆናለች። ያላትን ጋራዥ ፈልጋችሁ ብትከፍሉ ቴስታታ ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ውሃ እየጎደለ የትም የማይፈስ ከሆነም ካንዴላዎቹን አስወጡ፤ አንዷ ከሌሎቹ ተለይታ ታጥባ ንጹሕ ነጭ ከሆነች የሚገባው በዚያ ሲሊንደር ነው።

መውረዱ ካልቀረ ደግሞ አብራችሁ ቁሙ። ቴስታታው መጉበጥ አለመጉበጡ በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል ይለካል፣ በዓይን አይደለም፤ በብዙ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ከሰው ፀጉር የሚቀጥን። ስንጥቅ መኖሩን ማሽን ቤቱ በግፊት ይፈትሻል። ሲገጠም ብሎኖቹ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። «በክንዴ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ጋ ቴስታታ አላስገጥምም፣ ዘመዴም ቢሆን።

መንገድ ላይ

ቀዩ መብራት ከበራ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በላብ ትታጠባላችሁ፤ ማሞቂያው ግን ትንሽ ራዲያተር ነውና ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ዳር ያዙ። እንፋሎት ከሌለና ፋኑ እየዞረ ከሆነ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ እየሠራ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንፋሎት ከወጣ ወይም ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፋ ወዲያው አጥፉ።

ክዳኑን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት የታፈነ ስለሆነ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይመጣል፤ የብዙ ረዳት ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚህ ነው። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ጠብቁ፣ ማኒኮቱን ስትጨምቁት ልል ሲሆን በወፍራም ጨርቅ ሩብ ዙር ብቻ ፍቱ፣ ይተንፍስ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መቸለስ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከበረደ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ በቀጭኑ አፍስሱ።

ስትገዙ

ብዙ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሰማያዊ መብራት ስትቀዘቅዝ፣ ቀይ መብራት ስትግል፣ በመሃሉ ዝምታ። ቀዩ ሲበራ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ መኪና ሳይ ከስልኬ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኦቢዲ መሣሪያ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከመሪው ስር ይሰካል፣ የውሃውን ሙቀት በቁጥር ያሳያል፣ በዕድሜ በጣም በገፉት ላይ ግን ላይሠራ ይችላል። የማየው ሁለት ነገር ነው። ከተነሳች በኋላ በአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ 80ን ካላለፈች ቴርሞስታት የለም፣ ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ አቁሜ ኤሲ ሳልከፍት ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ቁጥሩ እስከ 95 አካባቢ ወጥቶ ፋኑ ሲነሳ መመለስ አለበት። ደላላው «ምን እየጠበቅን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ይበል።

አዲስ ደማቅ ኩላንት ባረጀ ራዲያተር ውስጥ ካየሁ «መቼ ተቀየረ፣ ለምን?» እጠይቃለሁ። በቴስታታው ዙሪያ ትኩስ ሲሊኮን ካለ ወርዶ ነበር፤ መውረዱ ብቻ ጥፋት አይደለም፣ ሻጩ ምክንያቱን መናገር ካልቻለ ነው። ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ ሻጮች የተገዛ ያገለገለ ራዲያተርም አያስደነግጠኝም፣ ያገለገለ ክዳን ግን ሁልጊዜ እቀይራለሁ።

ቀጠሮው በማለዳ ይሁን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሚታየው አረፋ ከሞቀ በኋላ አይለይም፤ ይህን ከእኔም ከእናንተም በላይ ሻጩ ያውቀዋል። ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው እጄን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞቆ ከጠበቀኝ «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፣ እንዳታስነሷት» ብዬ እመለሳለሁ።